በእግር እንጂ በወረቀት ያልነበረ ሙያ፦ የሉቻኖ ቫሳሎ የእግር ኳስ ሕይወትና የአጨዋወት ስልት

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1962) የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበረውን የሉቻኖ ቫሳሎን የተጫዋችነት ሕይወትና የአጨዋወት ስልት ይመረምራል። ጥናቱ የተነሣበት ጥያቄ «የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ተጫዋቾች በምን መልኩ የሙያው ሰዎች ነበሩ?» የሚል ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፤ ተጫዋቹ በችሎታ፣ በዲሲፕሊንና በቆይታ ሙሉ የሙያ ሰው ነበር፤ ሙያውን የሚያጸናለት ውልና መዝገብ ግን አልነበረም። የመዝገብ እጦቱ ደግሞ ዛሬ ስለ እርሱ በሚነገረው አኃዝ ላይ ጐልቶ ይታያል። ከዚህ ተነሥቶ ጽሑፉ በወረዳና በዞን ደረጃ የሚካሄዱ ውድድሮች መዝገብ ሊኖራቸው የሚገባበትን ምክንያት ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ የአፍሪካ ዋንጫ፣ የፋብሪካ ክለብ፣ የአጨዋወት ስልት፣ የስፖርት መዝገብ

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ የስፖርት ታሪክ ውስጥ «ፕሮፌሽናል» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚነሣው የወር ደመወዝ፣ የፊርማ ገንዘብና የዝውውር ውል ከተለመዱ በኋላ ስላለው ዘመን ነው። በዚህ አገባብ ከሄድን ከዚያ በፊት የነበሩት ተጫዋቾች ሁሉ «አማተር» ተብለው በአንድ ከረጢት ይገባሉ። ይህ አከፋፈል ግን ለተመራማሪ አይበቃም። አንድ ሰው ከዐሥር ዓመት በላይ በከፍተኛ ደረጃ ሲጫወት፣ አሠሪው ድርጅት ስለ ጨዋታው ሲል ቦታ ሲሰጠው፣ አገሩም አምበልነትን በአደራ ስታስረክበው፣ ይህን ሰው የትርፍ ጊዜ ተጫዋች ብሎ ማለፍ ታሪኩን ማጉደል ነው።

ይህን ለመመርመር ሉቻኖ ቫሳሎ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሕይወቱ በሦስት የተለያዩ የእግር ኳስ ሥርዓቶች ውስጥ ያለፈ ነው፤ እነርሱም በዘር የተከፋፈለው የአስመራ ሜዳ፣ የድሬዳዋ የፋብሪካ ክለብና የብሔራዊ ቡድን አገልግሎት ናቸው። ሁለተኛ፣ በስሙ የሚነገረው የጨዋታና የጎል ብዛት ከሚያከራክሩት የአፍሪካ እግር ኳስ አኃዞች አንዱ ነው። ለንጽጽር ያህል በአንድ ትውልድ የሚቀድሙት የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተጫዋችነት ዘመንም አብሮ ይታያል።

በጽሑፉ ውስጥ የውድድር ዓመታት እንደ ዓለም አቀፉ ልማድ በጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ተሰጥተዋል፤ የኢትዮጵያ ዘመን በተጠቀሰበት ቦታ «ዓ.ም.» ተብሎ ተለይቷል።

2. አስመራ፦ በዘር የተከፋፈለ ሜዳ

ሉቻኖ ቫሳሎ በ1935 ከኤርትራዊት እናትና ከጣልያናዊ ወታደር አባት በአስመራ ተወለደ። የተወለደበት ዓመት የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን የወረረበት ነው። ልጅነቱም ቅኝ ገዢው ዘርን በሕግ ይለይ በነበረበት ዘመን አለፈ። በ1937 የወጣው አዋጅ ጣልያናውያን ከአገሬው ሰው ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖሩ ከለከለ። በ1940 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ጣልያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል አገደ። ክልስ ልጆች በጣልያናውያኑ ዘንድ አገሬ፣ በአገሬው ዘንድ የጣልያን ልጅ ተብለው መሐል ላይ ቀሩ።

ይህ ሁኔታ በሜዳው ላይም ታይቷል። በጣልያን አገዛዝ ዘመን በአስመራም ሆነ በአዲስ አበባ የጣልያናውያንና የአገሬው ተጫዋቾች ውድድር የተለያየ ነበር። እንግሊዞች በ1941 አካባቢውን ከተቈጣጠሩ በኋላም ቡድኖች በማኅበረሰብ የመደራጀት ልማዳቸው ቀጠለ። ሉቻኖ ኳስ የጀመረው በአስመራ የክልሶች ቡድን በነበረው በ«ስቴላ አስማሪና» ነው። በኋላም «ገጀረት» እና «ግሩፖ ስፖርቲቮ አስመራ» በተባሉ የከተማዋ ክለቦች ተጫውቷል።

የዚያ ጊዜ ኳስ እንጀራ አልነበረም። ወጣቱ ትምህርቱን ቀድሞ አቋርጦ በባቡር ድርጅቱ የጥገና ክፍል መካኒክ ሆኖ ይሠራ ነበር። ቀን በጥገና ክፍል፣ ከሥራ በኋላ በሜዳ መዋል የብዙ እኩዮቹ ኑሮ ነው። በኋላ ዘመን በጣልያንኛ ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርእስ ትርጉሙ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» የሚል መሆኑ ለዚህ ጥናት ትርጉም አለው። አንድ የአገር አምበል ሕይወቱን ጠቅልሎ ሲሰይም ከዋንጫው ይልቅ ለእናቱ የሚያስረክበውን ገንዘብ መምረጡ፣ የመተዳደሪያ ጉዳይ ከኳሱ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደነበር ያሳያል።

ኤርትራ በ1952 በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀል የአስመራ እግር ኳስ ወደ ኢትዮጵያ ሻምፒዮና ገባ። የሐማሴን ቡድን በ1955 እና በ1957 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን መሆኑ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ያተኰረው ውድድር ምን ዓይነት ብርቱ ተፎካካሪ እንዳገኘ ይመሰክራል። የብሔራዊ ቡድኑ የተጫዋች ምንጭም በዚያው መጠን ሰፋ።

3. የፋብሪካ ክለብና የሙያ ጥያቄ

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና አሰላለፍ ሲታይ ከማኅበረሰብ ቡድኖች ቀጥሎ የተነሡት የመሥሪያ ቤት ቡድኖች ናቸው። ጦር ሠራዊቱ የራሱ ቡድን ነበረው፤ ፋብሪካዎችም እንዲሁ። ሉቻኖ ከአስመራ ወጥቶ የተቀላቀለው የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ከእነዚህ ሁሉ የጐላው ነው። ክለቡ በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ዋንጫ ማለት ነው።

የፋብሪካ ክለብ ልዩ ባሕርይ ተጫዋቹን የሚያኖረው ክለቡ በክለብነቱ ሳይሆን ክለቡን ያቋቋመው ድርጅት መሆኑ ነው። ተጫዋቹ በወረቀት ላይ የድርጅቱ ሰው ነው፤ በተግባር ግን የተፈለገው ለኳሱ ነው። ልምምድ፣ ጉዞና ውድድር የሥራው አካል ይሆናሉ። ከአማተርነት የሚለየው ኑሮው በጨዋታ ችሎታው ላይ መንጠልጠሉ ነው፤ ከሙሉ ሙያ የሚለየው ደግሞ ስለ ጨዋታው የተጻፈ ውል የሌለው መሆኑ ነው።

ይህ ሥርዓት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ታሪክ ውስጥ «ፊሊፕስ 66» የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ቡድን የዚሁ ዓይነት ነበር። ቁመቱ ከ2 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር የማያንሰው ቦብ ከርላንድ በ1940ዎቹ አጋማሽ ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ወደ ክፍያ ሊግ ከመሄድ ይልቅ በኩባንያው ተቀጥሮ ለኩባንያው ቡድን መጫወትን መረጠ። በዚህም «አማተር» እንደተባለ በ1948 እና በ1952 ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። እኩያውና ተፎካካሪው ጆርጅ ማይካን ግን በክፍያ ሊግ ተጫውቶ የሙያው የመጀመሪያ ታላቅ ስም ሆነ። ሁለቱም በአንድ ደረጃ የሚቈጠሩ ተጫዋቾች ነበሩ፤ የለያቸው ደመወዛቸው የተጻፈበት ወረቀት ዓይነት ነው።

በእንግሊዝም ሙሉ ሙያተኝነት ለረጅም ዘመን ገደብ ነበረበት። የእንግሊዝ ሊግ ለተጫዋች የሚከፈለውን ከፍተኛ የሳምንት ደመወዝ በ20 ፓውንድ ወስኖ የቈየ ሲሆን ገደቡ የተነሣው በጥር ወር 1961 ነው፤ ይህም ከአዲስ አበባው ፍጻሜ አንድ ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ የሉቻኖን ትውልድ «ገና ያልሠለጠነ» ብሎ ከዓለም ነጥሎ ማየት ስሕተት ነው። ተጫዋች እንደ ባለሙያ ይታይ ወይስ እንደ ተቀጣሪ የሚለው ጥያቄ በዚያው ጊዜ በመላው ዓለም ይነሣ ነበር።

ከሉቻኖ የሚቀድመው ትውልድ ከዚህ የተለየ ነው። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወልደው፣ በ1935 ለተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለ23 ዓመታት ተጫውተዋል። በዚህ ጊዜ 365 ጨዋታ አድርገው 318 ጎል እንዳገቡ ይመዘገባል፤ በአማካይ በጨዋታ 0.87 ጎል ማለት ነው። ለብሔራዊ ቡድን ግን 15 ጊዜ ብቻ ነው የተሰለፉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታዋን ከፈረንሳይ ሶማሊላንድ ጋር ያደረገችው በ1947 ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ እርሳቸው ዕድሜያቸው 26 ዓመት ደርሶ ነበር። የእግራቸው ጉልበት በደረሰ ጊዜ አገራቸው የምትጫወትበት መድረክ አልነበራትም። የሉቻኖ ትውልድ መድረኩን አገኘ። መድረኩን በመሥራት በኩል ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራች የነበሩትና በ1962 ብሔራዊ ቡድኑን በአሠልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ትልቁን ድርሻ ይወስዳሉ።

4. የጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ፍጻሜ

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ የተካሄደው አራት አገሮች ብቻ ተሳትፈውበት ነው፤ እነርሱም አስተናጋጇ ኢትዮጵያ፣ የዋንጫው ባለቤት የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ (ግብፅ)፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ናቸው። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ፍጻሜው የጥምቀት በዓል በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ጥር 13 ቀን ተካሄደ።

የጎሎቹ ቅደም ተከተል ለትንተና የሚመች ነው። በ35ኛው ደቂቃ በደዊ አብደል ፈታህ ለግብፅ አገባ። በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ በ75ኛው ደቂቃ በደዊ ግብፅን እንደገና መሪ አደረገ። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገና ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ። በ101ኛው ደቂቃ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አክለው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ለአምበሉ ያስረከቡት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ አራቱም ጎሎች የገቡት ከ74ኛው ደቂቃ ጀምሮ ነው። ሁለተኛ፣ ቡድኑ ከአቻነት ወደ ኋላ ለመመለስ የፈጀበት አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ቡድን በብዙ ድካም አቻ ሆኖ ወዲያው ሲቈጠርበት በሥነ ልቡና የሚሰበርበት ጊዜ ነው። በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ የተገኘው የሉቻኖ ጎል ከቁጥሩ በላይ የሚመዘነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያለዚያ ጎል ተጨማሪ ሰዓት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ለዘገዩት ጎሎች በተደጋጋሚ የሚሰጠው ማብራሪያ ከፍታ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ያለበት አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ሰውነት በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ጉዳቱ ይበልጥ የሚታየው በተደጋጋሚ ሩጫ መካከል ትንፋሽ ለመሰብሰብ በሚያስፈልገው ጊዜ ላይ ነው። ተቀያሪ ተጫዋች የማስገባት ልማድ ባልሰፋበት በዚያ ዘመን ያው ዐሥራ አንዱ ሰው 120 ደቂቃ ይሮጥ ስለነበር ድካሙ ሲጠራቀም የሚጐዳው ከዝቅተኛ ቦታ የመጣው ቡድን ነው።

የሁለቱ አገሮች የግንኙነት ውጤት ይህን ማብራሪያ የሚደግፍ ይመስላል። ግብፅ ኢትዮጵያን በ1957 በካርቱም 4 ለ 0፣ በ1959 በካይሮ 4 ለ 0፣ በ1963 በጋና ደግሞ 3 ለ 0 አሸንፋለች። በእነዚህ ዓመታት በአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ግብፅን ያሸነፈችው በአዲስ አበባ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን ዋንጫ አያመጣም። ዋንጫው በ1968 ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ብሔራዊ ቡድኑ በምድብ ጨዋታዎቹ ሁሉ አሸንፎ ለግማሽ ፍጻሜ ቢደርስም፣ ከቆላ የመጣው የኮንጎ ኪንሻሳ ቡድን በዚያው በአዲስ አበባ፣ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸንፎታል። ቦታው አንድ፣ ተጨማሪ ሰዓቱም አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ተገላቢጦሽ ነው። እንግዲህ ከፍታ ዕድልን ይከፍታል፤ ዕድሉን የሚጠቀምበት የቡድኑ አጨዋወትና መረጋጋት ነው።

5. የአጨዋወት ስልት

የሉቻኖን ስልት ለመረዳት ዘመኑ ይከተለው የነበረውን አሰላለፍ ማወቅ ያስፈልጋል። እስከ 1950ዎቹ ድረስ በዓለም ላይ የተስፋፋው በፊደል ቅርጹ «ደብሊው ኤም» የተባለው አሰላለፍ ነበር። በዚህ አሰላለፍ ሦስት ተከላካይ፣ ሁለት የመሐል ረዳት፣ ሁለት የውስጥ አጥቂና ሦስት የፊት አጥቂ ይሰለፋሉ። ብራዚል በ1958 የዓለም ዋንጫን ስታሸንፍ ደግሞ አራት ተከላካይ፣ ሁለት አማካይና አራት አጥቂ የሚሰለፉበት አደረጃጀት ዓለምን አዳረሰ። በሁለቱም አሰላለፍ መሐል ሜዳውን የሚይዘው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከተከላካዩ ኳስ ተቀብሎ ለአጥቂው የሚያደርሰው ተጫዋች ሰፊ ሜዳ ይሸፍናል፤ ያደረሰውን ኳስ ተከትሎም ራሱ ለማግባት ይደርሳል።

ሉቻኖ በዚህ ቦታ የሚመደብ ነው። ጎል የሚያገባ አማካይ ነበር። ከተመዘገቡት እውነታዎች ተነሥቶ የስልቱን ሦስት መገለጫ መለየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ከኋላ ተነሥቶ መድረስ ነው። በ1962 ኢትዮጵያ በሁለት ጨዋታ ስምንት ጎል አገባች። ከእነዚህ ሦስቱ የመንግሥቱ ወርቁ ሲሆኑ፣ መንግሥቱ ከግብፁ በደዊ ጋር በእኩል የውድድሩ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆኗል። ሉቻኖ ግን በሁለቱም ጨዋታዎች ጎል አስቈጥሯል። የተጋጣሚ ተከላካዮች ዐይናቸውን በፊት አጥቂዎች ላይ ሲያሳርፉ ከኋላ የሚመጣው አማካይ ነጻ ቦታ ያገኛል። የአንዱ መኖር ለሌላው ቦታ የሚከፍት በመሆኑ የመንግሥቱንና የሉቻኖን ጎሎች ለየብቻ ማንበብ ስሕተት ላይ ይጥላል።

ሁለተኛው በቆመ ኳስ ላይ ያለው ኃላፊነት ነው። በግማሽ ፍጻሜው ከቱኒዚያ ጋር የተገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት የመታው እርሱ ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት ቴክኒክን ብቻ የሚጠይቅ ተግባር አይደለም፤ ቡድኑ ማንን እንደሚያምን የሚገለጥበትም ነው። ተጫዋች በልምምድ ሜዳ አሥር ጊዜ የሚያስቈጥረውን ምት በንጉሠ ነገሥቱና በሙሉ ስታዲየም ፊት አንድ ጊዜ መምታት ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው መቈየት ነው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊት ተነሥቶ በ1968ም በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ነበር። በዚህ መካከል ዕድሜው ከሃያዎቹ አጋማሽ ወደ ሠላሳዎቹ ተሻግሯል። አማካይ ተጫዋች ፍጥነቱ ሲቀንስ በቦታ አያያዝና በማንበብ ችሎታው ይካሳል፤ በሕክምና፣ በአመጋገብና በዕረፍት የሚደግፈው ባለሙያ ባልነበረበት ዘመን ይህን ያህል መቈየት ራስን የመግዛት ውጤት ነው። «የሙያ ሰው» የሚለው ስም በትክክል የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

ወንድማማቾች በአንድ ፍጻሜ ሁለቱም ማግባታቸው ብዙ ጊዜ እንደ ትንግርት ይወራል። በስልት ዐይን ሲታይ ግን ትርጉሙ ቀላል ነው። አብረው ያደጉና አብረው የተለማመዱ ተጫዋቾች ያለ ቃል ይግባባሉ፤ ለጥቂት ቀናት ብቻ ተሰባስቦ ለሚለማመድ ብሔራዊ ቡድን እንዲህ ያለ መግባባት ከብዙ ሳምንት ልምምድ ይበልጥበታል።

6. 104 እና 99፦ አኃዙ ሲመረመር

ስለ ሉቻኖ በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኘው አኃዝ «ለብሔራዊ ቡድን 104 ጊዜ ተሰልፎ 99 ጎል አስቈጠረ» የሚል ነው። ይህ እውነት ከሆነ በጨዋታ በአማካይ 0.95 ጎል ያስቈጠረ ተጫዋች ነው። የአቶ ይድነቃቸው የክለብ አማካይ 0.87 መሆኑን ስናስታውስ፣ ዓለም አቀፍ ተጋጣሚ የገጠመ አማካይ ተጫዋች የአገር ውስጥ ተጋጣሚ ከገጠመ አጥቂ በላይ አግብቷል ማለት ይሆናል።

አኃዙን ከታወቀው የውድድር መዝገብ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ውድድሮች በ1957 አንድ፣ በ1959 ሁለት፣ በ1962 ሁለት፣ በ1963 ሦስት፣ በ1965 ሁለት፣ በ1968 አምስት፣ በ1970 ሦስት ጨዋታ አደረገች፤ ድምሩ 18 ነው። አንድ ተጫዋች በእነዚህ ሁሉ ተሰልፎ ነበር ብለን ብንነሣ እንኳ 104 ለመድረስ 86 ጨዋታ ከማጣሪያና ከወዳጅነት ግጥሚያ ሊገኝ ይገባል። ጉዞ ከባድ በነበረበት ዘመን ይህ ቁጥር በአገር ለአገር ግጥሚያ ብቻ ይሞላል ብሎ ማመን ይከብዳል። ይበልጥ አሳማኝ የሚሆነው፣ ብሔራዊ ቡድኑ ወይም የተመረጠ ቡድን ከውጭ አገር ክለቦችና ከጦር ቡድኖች ጋር ያደረጋቸው ግጥሚያዎች በአንድ ላይ ተደምረዋል የሚለው ነው። ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ሰብሳቢዎች አኃዙን በታላላቅ ጎል አግቢዎች ዝርዝር ውስጥ የማያካትቱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ተጫዋቹን የሚያሳንስ አይደለም። በዘመኑ «የአገር ጨዋታ» የሚለው ስም ከዛሬው የዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ትርጓሜ ይሰፋ ነበር፤ ተጫዋቹም ማልያውን በለበሰ ቍጥር አገሩን እንደወከለ ቢቈጥር ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ለእያንዳንዱ ግጥሚያ ቀኑን፣ ተጋጣሚውን፣ ተሰላፊውንና አግቢውን በአንድ ቦታ የያዘ መዝገብ ለትውልድ አለመተላለፉ ነው። የፋብሪካ ተቀጣሪ የሥራ መዝገብ አለው፤ የወታደር አገልግሎት በማኅደሩ ይገኛል። የተጫዋችነት አገልግሎት ግን የማንም መሥሪያ ቤት ሥራ ስላልነበረ በቃል ቀረ። ውል ያልነበረው ሙያ መዝገብም አጣ።

ሉቻኖ ከተጫዋችነት በኋላ ወደ አሠልጣኝነት ተሻግሮ ነበር። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን አገሩን ለቅቆ ጣልያን ገባ፤ በሮም አቅራቢያ በምትገኘው በኦስቲያ ኖሮ በዚያ ለሕፃናት የእግር ኳስ ትምህርት ቤት ከፈተ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) በ87 ዓመቱ ዐረፈ። የሰውየው ስደት የትዝታውም ስደት ሆነ፤ ስለ እርሱ ሕይወት ሰፊው ጽሑፍ የሚገኘው በጣልያንኛ ሲሆን፣ ዋንጫውን ያየው ሕዝብ ግን በአማርኛ፣ በትግርኛና በሌሎች የአገሩ ቋንቋዎች በቃል ሲቀባበለው ኖሯል።

7. ለፎገራና ለአካባቢው ያለው ፋይዳ

የዛሬው የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የደመወዝና የውል ሥርዓት ይዟል። በአማራ ክልል ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ባሕር ዳርም የራሷ የሊጉ ቡድን አላት። በሁለቱ ከተሞች መካከል፣ በጣራ ገዳም ግርጌ ካለችው አዲስ ዘመን እስከ ወረታና የፎገራ ሜዳ ድረስ ያለው ወጣት እንግዲህ በሁለት አቅጣጫ የሚያየው የሙያ ደጃፍ አለው። ደጃፉ የሚከፈተው ግን በመዝገብ ነው። በወረዳ ወይም በዞን ውድድር የተጫወተ ልጅ ስንት ጊዜ እንደተሰለፈ፣ በየትኛው ቦታ እንደተጫወተ፣ ምን ያህል እንዳገባ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ምርጫው በዕለቱ ባየው ሰው ትውስታ ላይ ይወድቃል። ይህ በመሠረቱ የሉቻኖ ትውልድ ያጋጠመው ችግር ነው።

መዝገቡ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ቀንና ቦታ፣ የሁለቱ ቡድኖች ተሰላፊዎች ሙሉ ስምና የልደት ዓመት፣ እያንዳንዱ የተጫወተበት ቦታና ደቂቃ፣ ጎሎች ከነደቂቃቸውና ከነአገባባቸው (በጨዋታ፣ በቅጣት ምት፣ በጭንቅላት)፣ ጉዳትና ካርድ፣ በመጨረሻም የዳኛና የሁለቱ አምበሎች ፊርማ። ገጹ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ በወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በውድድሩ አዘጋጅ ቢቀመጥ ከዐሥር ዓመት በኋላ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚሠራበት ሀብት ይሆናል።

ከፍታን በሚመለከትም ለአካባቢው ተግባራዊ ትምህርት አለ። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን የአዲስ አበባ ስታዲየም ከዚያ በ550 ሜትር ያህል ይበልጣል። ከሜዳው ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ቡድን ልዩነቱን በሁለተኛው አጋማሽ ሊያየው ይችላል። የአካባቢው አቀማመጥ ግን መፍትሔም ይሰጣል፤ ከሜዳው በላይ ያሉት የጣራ ገዳም ዓይነት ኮረብታዎች ለከፍታ ልምምድ ቅርብ ናቸው። የከፍታ መላመድ ሁለትና ሦስት ሳምንት ስለሚወስድ ልምምዱ ከጉዞው አስቀድሞ መታቀድ አለበት።

8. ማጠቃለያ

የሉቻኖ ቫሳሎ የተጫዋችነት ሕይወት ከባቡር የጥገና ክፍል ተነሥቶ በፋብሪካ ክለብ በኩል ወደ አፍሪካ ዋንጫ የደረሰ ነው። የስልቱ ማዕከል ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ጎል ላይ መድረስ፣ በቆመ ኳስ ኃላፊነት መውሰድና ለረጅም ዘመን በከፍተኛ ደረጃ መቈየት ነበር። በ84ኛው ደቂቃ ያገባው ጎል የአገሪቱን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ካዳኑት ክንውኖች ቀዳሚው ነው። ይህን ለማወቅ የተቻለውም የዚያ ጨዋታ ደቂቃዎች በመመዝገባቸው ነው። ባልተመዘገቡት ጨዋታዎች ያደረገውን ግን 99 የሚለው አከራካሪ ቁጥር ብቻ ተሸክሞታል።

ስለዚህ «የመጀመሪያው ባለሙያ ተጫዋች ማን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ጥናት ደመወዝን ብቻ መለኪያ ማድረግ አይበጀውም። ችሎታን ከሥራ፣ ሥራን ከውል፣ ውልንም ከመዝገብ ጋር አያይዞ መጠየቅ ይኖርበታል። የቀደመው ትውልድ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አሟልቶ ነበር፤ የአሁኑ ትውልድ ሦስተኛውን አግኝቷል። አራተኛው በሊጉ ክለቦች ተጀምሯል፤ በወረዳ ሜዳዎች ግን ገና የሚጠብቀው እጅ አለ።